ቡድኑን አታፍርሱት

ልጆቼ፣ የኮሌጃችሁ የእግር ኳስ ቡድን ሊበተን ነው አሉ። በረኛው በመጨረሻው ጨዋታ በገቡበት ጎሎች አፍሮ ሜዳ መምጣቱን ትቷል፤ ሁለቱ አጥቂዎች ሌላ ቡድን ሊገቡ ቃል ሰጥተዋል፤ አምበሉም ማሊያውን ሰብስቦ ለኮሌጁ ሊያስረክብ ነው ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ ዝም ማለት አልችልም። እኔ እዚሁ እንጦጦ ማርያም አጠገብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠዋት ጠዋት በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ ስትሮጡ አያችኋለሁ። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል ለሚወርዱት እናቶች መንገድ ስትለቁም አይቼ በልቤ መርቄያችኋለሁ። እንግዲህ እንደ አባት ቃል ተቀበሉኝ፤ ቡድኑን አታፍርሱት።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እኔ መከራውን ልቅደመው ብዬ ነው።

«ዓመቱ ከፋብን» ስትሉ ሰምቻለሁ። ሽንፈት እንደሚያም አውቃለሁ፤ ተማሪው ሁሉ እያየ መሸነፍማ የባሰ ነው። ግን ክፉ ዓመት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። 1928 ዓ.ም. ነው ክፉ ዓመት። አዲስ ዓመት በገባ በሦስት ሳምንቱ፣ መስከረም 22፣ ጣልያን መረብን ተሻግሮ ወረረን፤ አድዋም ከሰማይ በቦምብ ተደበደበች። ኅዳር 26 ቀን ጃንሆይ ደሴ እያሉ ከተማዋ በአውሮፕላን ጋየች። በአዲስ አበባ አባት ይዘምታል፣ እናት ስንቅ ታሰናዳለች፣ ልጅ አባቱን ሸኝቶ ይመለሳል። ማን ኳስ ያስባል?

ያሰቡ ነበሩ። በዚያው በጋ፣ አራዳ ላይ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ሰው አሰባስበው አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ኳስ በዚያን ጊዜ በከተማው ከሁሉ ይልቅ የአርመኑ፣ የግሪኩ፣ የጣልያኑ ጨዋታ ነበር። የአገሬው ልጅ በየትምህርት ቤቱ ግቢና በየሰፈሩ ሜዳ እየተራገጠ ለምዶታል፤ የራሴ የሚለው ስም ያለው ቡድን ግን ያስፈልገው ነበር። ስሙን ከደብሩ ወሰዱለት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ታቦቱ ከአጼ ምኒልክ ጋር አድዋ ዘምቷል እየተባለ የሚነገርለት የአራዳው ጊዮርጊስ ነው። አገር እየተወረረ ባለበት ዓመት እንዲህ ያለ ስም መምረጥ ተራ ነገር አይምሰላችሁ። ልጆቹ ጠመንጃ አልያዙም፤ ግን ማን እንደሆኑ በአደባባይ ተናገሩ።

የዚያ ቡድን የመጀመሪያ የውድድር ዘመን ስንት ጊዜ የቆየ ይመስላችኋል? ወራት ብቻ! መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ሠራዊታችን ተፈታ። ሚያዝያ 24 ጃንሆይ ከከተማው ወጡ። ሚያዝያ 27 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። በመካከሉ ባሉት ቀናት የከተማው ሰው ራሱ ከተማውን ዘረፈው፤ ሱቁ ተሰበረ፣ ቤቱ ተቃጠለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል አባባል አለን። ከአባቶቻችን ቃል ሁሉ እኔ የማልቀበለው ይህን ነው። አገር በዚህ ቃል ትፈርሳለች፤ ቡድንም ይፈርሳል። ልትሄዱ ያሰባችሁት ሁለቱ አጥቂዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ቡድኑ ስለተሸነፈ ብቻ «እኔም የድርሻዬን ይዤ ልውጣ» ማለት ይኸው ቃል ነው። ጎል የምታገቡት ከኋላችሁ የሚሮጥላችሁ ስላለ ነው፤ ከመሃል ሜዳ ኳሱን ነጥቆ የሚያቀብላችሁን ልጅ ስም ደጋፊው አያውቀውም፣ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። የተሻለ ቦታ ሲገኝ መሄድ ነውር አይደለም፤ የሚያድግን ልጅ ማንም አይከለክለውም። ነውሩ ወንድም ወድቆ ሳለ መሄድ ነው። መጀመሪያ ቡድኑን አንሱ፤ ከዚያ ሂዱ፤ እኛም መርቀን እንሸኛችኋለን። ያለዚያ ግን «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» ነው የሚሆነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ወራሪው ከተማውን ሲይዝ ኳሱን አልከለከለም፤ የከፋ ነገር አደረገ። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ለየ። ለአገሬው ሰው ለብቻው የስፖርት ቢሮ አቆመ። የቡድኑንም ስም ነጠቀ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ መባሉ ቀርቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሽስቶች ምልክት ስም ነው። አስቡት፤ ማሊያው ያው ልጅ ላይ ነው፣ ኳሱን የሚመታው ያው እግር ነው፣ የሚጠራበት ስም ግን የገዳዩ ነው። ከዚያ በ1929 የካቲት 12 መጣ። እዚህ ቁልቁል ስድስት ኪሎ ላይ የቆመው ሐውልት የዚያ ቀን ነው። በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ በተከተለው ጭፍጨፋ ፊደል የቆጠረው ወጣት ተለይቶ ይታደን ነበር። የእናንተ ዕድሜ የነበሩ፣ እንደ እናንተ ደብተር የያዙ ልጆች።

ከሐውልቱ አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. ሚያዝያ 19 የከፈቱት፣ ተፈሪ መኮንን ይባል የነበረው ነው፤ በኋላ «እንጦጦ» ተብሏል። የተራራችን ስም እዚያ ድረስ ወርዷል። የዚያን ዘመን ወጣት ሳስብ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ችሎ፣ ሰው ተቀብሮ፣ ስም ተነጥቆ፣ ቡድኑ እንዴት አልጠፋም? መልሱ ቀላል ነው። አልተበተኑም። ስሙ ሲነጠቅ ሰዎቹ ቀሩ። ሰው ካለ ስም ይመለሳል፤ ሰው ከተበተነ ስሙን ማን ይጠራዋል?

ነጻነት በየት በኩል እንደገባ የእንጦጦ ልጅ ሁሉ ማወቅ አለበት። ሚያዝያ 27፣ 1933 ዓ.ም.፣ ጣልያን ከገባ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ጃንሆይ በፍቼና በሱሉልታ በኩል መጥተው በዚህ ተራራ ላይ ወጡ። ወደ ከተማው ከመውረዳቸው በፊት እዚህ እንጦጦ ማርያም ገብተው ምስጋና አደረሱ። አጼ ምኒልክ በ1882 ጥቅምት 25 የነገሡበት ደብር ነው። እናንተ ሮጣችሁ ደክማችሁ አረፍ የምትሉበት ደጅ፣ ስደተኛ ንጉሥ ወደ ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ የረገጠው ደጅ ነው።

ቡድኑም ስሙን አስመለሰ። ይህን ካስፈጸሙት መካከል ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ አባትየው በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለ ቅኔ ነበሩ። ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ፣ በ1914 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ቡድኑ ሲመሠረት ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። በኋላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 365 ጨዋታ ተጫውተው 318 ጎል እንዳገቡ ይነገራል። እኔ ግን ከጎሉ ይልቅ የማደንቅላቸው ሌላ ነው፤ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሕግ መተርጎም ጭብጨባ የለውም። ግን አንድ ልጅ ሕጉን በቋንቋው ካላወቀ ዳኛው ፊት ሁልጊዜ ባዕድ ነው።

ይህ ደግሞ የዳኛውን ነገር አስታወሰኝ። በመጨረሻው ጨዋታችሁ ከመካከላችሁ ዳኛ የሰደበ አለ። ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ አባቶች የተናገሩት ፍርድን ስላከበሩ ነው። በፍርድ የሄደ ትልቅ ነገር ቢሆንም አያንገበግብም። ዳኛ ቢሳሳት አምበሉ በትህትና ይጠይቅ፤ ከጨዋታ በኋላ በጽሑፍ አቤት ይባል። ስድብ ጎል አያስመልስም። ያን ልጅ ወስዳችሁ ዳኛውን ይቅርታ አስጠይቁት፤ ከእናንተ ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ።

አሁን ዋናው ነገር። ነጻነት ከመጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተካሄደ። የገቡት አምስት ቡድኖች ናቸው፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን፣ እና የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ስም ተነጥቆበት፣ ተለይቶ ተጫውቶ የኖረው ቡድን ዋንጫውን ቢወስድ ምንኛ ደስ ባለን! አልወሰደም። እንግሊዞቹ ወሰዱት። ከዚያ በኋላም ሌሎች ወሰዱት። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ዋንጫ ያነሣው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከ1928 እስከ 1942፣ አሥራ አራት ዓመት። በመካከሉ ወረራ፣ ስደት፣ ጭፍጨፋ፣ የስም ነጠቃ፣ ሽንፈት። ዛሬ በአገሪቱ ሊግ ከሁሉ የበለጠ ዋንጫ ያለው ቡድን ይኸው ነው። በ1936 «አልሆነልንም፣ እንበተን» ቢሉ ኖሮስ? እናንተ የአንድ ዓመት ውድድር ተሸንፋችሁ ነው ማሊያ የምትመልሱት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ከእናታችሁ ጡት ጋር የጠባችሁት ነው፤ ሲመጣባችሁ ግን ረሳችሁት።

በረኛው ልጄ፣ ለአንተ የምነግርህ ደግሞ አለኝ። በ1949 ዓ.ም. የካቲት 9፣ ካርቱም ላይ፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው። ዲባ ይባል ነበር። የኛ በረኛ አራት ጊዜ ከአንድ ሰው እግር የወጣ ኳስ ከመረቡ ለቀመ። በዚያ ውድድር ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ወጥታ ስለነበር፣ በአፍሪካ ኳስ ፊት የቆሙት ሦስት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳንና እኛ። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኘን፤ እንደገና 4 ለ 0። አየህ? ሁለት ጊዜ፣ በዚያው ቁጥር፣ በግብፅ እጅ። ተጫዋቾቻችን ቢያፍሩ ሰበብ ነበራቸው። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል»፤ የሚተቻቸውም አይጠፋም።

በ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ያችው ግብፅ መጣች፤ አሁን ለፍጻሜ ነው። መጀመሪያ አገባችብን። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን፤ ስታዲየሙ ገና ጮኾ ሳያበቃ፣ በ75ኛው፣ እንደገና አገባችብን። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ ላይ ራስህን አስቀምጥ። ሁለት ጊዜ በአራት ጎል ደቁሳሃለች፣ ንጉሡ ተቀምጠው ያያሉ፣ ደክመህ ደክመህ ያገኘሃትን አንዲት ጎል በአንድ ደቂቃ ነጠቁህ። የሰው ልብ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። የእናንተም ልብ የተሰበረው እንዲህ ባለች ደቂቃ እንደነበር አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ለማንም አላቀበለም፤ ሁሉም ብቻውን ጀግና ሊሆን ፈለገ። እነዚያ ግን አልተበታተኑም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አገቡ። 4 ለ 2። አሰልጣኙ እኚያው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ሌላም ነገር ተመልከቱ። ሉቺያኖና ኢታሎ አባታቸው ጣልያን ነው፤ እናታቸው ኤርትራዊት። ወራሪው ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ አይጫወትም ብሎ ነበር። ወራሪው ከተባረረ ከሃያ ዓመት በኋላ ከሁለቱም ወገን የተወለደው ልጅ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ፣ በአምበልነት ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። የዘረኛው ሕግ በሜዳ ላይ የተሻረው እንዲህ ነው። ስለዚህ በቡድናችሁ ውስጥ «ይሄ የእንትና ሰፈር ነው፣ ያ የእንትን ብሔር ነው» የሚል ወሬ ሹክ ሲባል ብሰማ አዝናለሁ። እንዲህ ያለው ወሬ መልበሻ ክፍል ከገባ የትኛውም አሰልጣኝ አያድናችሁም። አምበሉ ይህን በቶሎ ይቁረጠው፤ ለሌላው ሁሉ ትዕግሥት ይኑረው፣ ለዚህ ግን አይኑረው።

በረኛው ሆይ፣ ሜዳ ተመለስ። ጎል የገባብህ የተከላካዩ መስመር ስለተከፈተ፣ መሃሉ ስላልተመለሰ፣ አጥቂው ኳስ ሲነጠቅ ቆሞ ስላየ ጭምር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው፤ የአሥራ አንድ ሰው ሽንፈት በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ የተጫነው ጓደኞችህ ስላላገዙህ ነው። እናንተም ጓደኞቹ፣ ስልክ ደውሎ «ና» ማለት አይበቃም። በእግራችሁ ቤቱ ሂዱ። እናቱ ቡና ታፈላለች፤ ተቀመጡ፤ የኳስ ወሬ አትጀምሩ፤ ስትወጡ ግን ይዛችሁት ውጡ።

አምበሉ ደግሞ ማሊያውን አትመልስ። ይልቅ አንድ ደብተር ግዛ። የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ ጻፍበት፤ ቀኑን፣ ሜዳውን፣ ከማን ጋር እንደሆነ፣ ማን እንደተሰለፈ፣ ማን እንዳገባ፣ ስንት ለስንት እንዳለቀ። የተሸነፋችሁትን በተለይ አሳምረህ ጻፍ፤ አታሳንሰው፣ አታስተባብልበት። በታች ሁላችሁም ፈርሙ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው የተጠራ ስም ነው፤ ያልተጻፈ ስም ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። በ1928 ኳስ ካነሡት ልጆች መካከል ዛሬ በስም የምንጠራቸው ጥቂት ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚህ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ደብተሩን ከፍቶ «የተሸነፉት እነዚህ ናቸው፤ በሚቀጥለውም ዓመት የተሰለፉት ያው እነዚህ ናቸው» ይበል።

ልምምዱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ አሰልጣኝ አይደለሁምና። ይህ ተራራ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ዓለም የሚያውቃቸው ሯጮቻችን የሚሠሩበት መንገድ ላይ በነጻ ትሮጣላችሁ። ሌላው አገር ለእንዲህ ያለ አየር ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል። እናንተ ግን ግማሾቻችሁ እስከ ደብሩ ትወጣላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ከመንገድ ትመለሳላችሁ። በጨዋታው መጨረሻ እግራችሁ የከዳችሁ ለዚህ ይመስለኛል። ዘጠና ደቂቃ የሚጫወት እግር ከመንገድ አይመለስም።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ውጡ። ሁለቱ አጥቂዎችም፣ ዳኛ የሰደበውም፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ያላኮረፈውም ልጅ ይምጣ። አምበሉ ደብተሩን ይያዝ፤ በረኛውን ከቤቱ ይዛችሁት ኑ።